አንድ ልክ ለሦስት ዓይነት መሬት

በመቀሌ ዙሪያ፣ ከእንደርታ ሜዳ እስከ ሕንጣሎ ወጀራትና እስከ ደጉዐ ተምቤን ተራሮች ድረስ የሚኖር ገበሬ መሬቱን የሚያውቀው በስፋቱ ብቻ አይደለም፤ ከአባቶቹ በወረሰው ሥርዓት በሦስት ማዕርግ ከፍሎ፣ አፈሩ ጥልቅ የሆነውንና ዝናብ ካባራ በኋላም እርጥበቱን ለብዙ ቀን የሚይዘውን ረጒድ፣ መካከለኛውን ማእከላይ፣ ጠጠር የበዛበትንና ማረሻ ገና ሳይጠልቅ ከዐለት ጋር የሚያጋጨውን ደግሞ ረቂቕ እያለ ይጠራዋል። የመንደር መሬት በሚደለደልበት ስፍራ ሽማግሎች ለየቤተ ሰቡ ከሦስቱም ወገን ድርሻ እንዲደርሰው አድርገው ያካፍሉ ነበር፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በትግራይ ገጠር የተካሄደው የመሬት ድልድልም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ይህንኑ የማዕርግ አከፋፈል አልተወውም። ከዚህ የተነሣ አንድ ገበሬ ያለው መሬት አንድ ሄክታር እንኳ ባይሞላ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ አይገኝም፤ ከግርጌ አንድ ጥማድ፣ ከወገቡ ላይ ግማሽ፣ ከጉብታው ራስ ላይ ደግሞ ሌላ ቁራሽ ይዞ፣ በአንድ ክረምት ሦስት ዓይነት ዕድል ይጠብቃል። በወንጌል የተጻፈውን የዘሪውን ምሳሌ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከዐውደ ምሕረት ሲሰማ ላደገ ሰው፣ ከአንድ እጅ የወጣ አንድ ዘር እንደ ወደቀበት መሬት ፍሬው መለያየቱ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

እንግዳ የሆነው በኋላ የመጣው ነገር ነው፤ በከረጢት ታስሮ፣ ልኩ አስቀድሞ ተወስኖ፣ ለረጒዱም ለረቂቑም እኩል እንዲበተን የታዘዘው ማዳበሪያ። የዚህ ታሪክ ግማሹ ያ ልክ ከየት እንደ መጣ ሲሆን፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ በገበሬው ማሳ ላይ በተተከለ ችካልና በተዘረጋ ገመድ ሙከራ ያደረጉ ሰዎች ያንን ልክ ቀስ በቀስ እንዴት እንደ ፈቱት የሚናገረው ነው።

ከማዕርጉ ሌላ ከቤት ያለው ርቀትም የራሱ ሕግ ነበረው። ከብት በሚያድርበት ግቢ የሚጠራቀመው ፍግና አመድ በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ የሚጓዘው እስከ ጓሮው ድረስ ብቻ ስለ ሆነ፣ የቤቱ አጠገብ መሬት ከዓመት ወደ ዓመት ሲሰባ፣ ከማዶ ያለው ማሳ ግን የሰጠውን ሳይተኩለት ይኖራል። ደኑ ከተራሮቹ እየተመናመነ ከሄደ ወዲህማ ፍጉ ራሱ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ገባ፤ በእሳት ውስጥ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ወደ ነፋስ ይመለሳልና ለጓሮው የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እንጀራ ያለ እሳት አይጋገርም። የቻለውን ያህል በባቄላ፣ በዓተር፣ በምስርና በጓያ እያፈራረቀ መሬቱን ያሳርፋል፤ በእርሻው መካከል የበቀለውን ሞሞና የተባለውንም የግራር ወገን፣ ሌላው ዛፍ ሁሉ በሚለመልምበት በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልመውን፣ ሳይቆርጥ በሥሩ ያርሳል፤ በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር የሚዘራው ገብስ ከሌላው ይልቅ እንደሚያምር በዓይኑ አይቷልና።

የሞሞናና የባቄላ ምሥጢር አንድ ነው። የአበው ትምህርት ሥጋዊ ፍጥረት ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደ ተዋቀረ ይናገራል፤ የናይትሮጅን ታሪክም በሌላ ቋንቋ የእነዚህ የአራቱ ታሪክ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ሲሆን፣ ስንዴም ሆነ ጤፍ በዚህ ባሕር ውስጥ ቆሞ ይራባል፤ በነፋስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በጽኑ ማሠሪያ የተያያዘ ስለ ሆነ ሥር ሊጠጣው አይችልም። በጥራጥሬ ሥር ላይ በሚበቅሉት ትናንሽ ቋጠሮዎች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ሕዋሳት ይህን ማሠሪያ ፈትተው ለተክሉ እንደሚመግቡት ሄልሪጌልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን በ1886 ገለጡ፤ የሰሜን ገበሬ ግን ምክንያቱን ሳይሆን ውጤቱን ይዞ ከዚያ አስቀድሞ ብዙ ዘመን በሥራ ላይ አውሎታል።

ማዳበሪያ ምን ያህል ይበቃል የሚለው ክርክር በማሳ ላይ እንጂ በመጽሐፍ ላይ እንደማይፈታ መጀመሪያ የታየው በእንግሊዝ አገር ነው። ታላቁ የጀርመን ሊቅ ሊቢግ፣ ተክል የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ከአየርና ከዝናብ ያገኛልና ገበሬው ከአፈር የተወሰደውን ማዕድን ብቻ ቢመልስ ይበቃዋል ብሎ አስተማረ፤ ሎውዝና ጊልበርት የተባሉ ሁለት ሰዎች ግን በ1843 ሮትሐምስተድ በተባለ ርስት የስንዴ ማሳ ከፋፍለው፣ አንዱን መደብ ያለ ምንም፣ አንዱን በማዕድን ብቻ፣ አንዱን ናይትሮጅን ጨምረው፣ አንዱን በከብት ፍግ እየዘሩ በየዓመቱ ምርቱን መዘኑ። ሚዛኑ ሊቁን ረታው፤ ሙከራውም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በዚያው ዘመን ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ከ1837 ጀምሮ በትግራይ ተቀምጦ፣ አብዛኛውን ዘመኑን በዓድዋና በአካባቢዋ የአገሩን ዕፅና ዘር እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ ልጁም በመቀሌ የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት ሲሠራ ከሠሪዎቹ አንዱ ሆነ። የአውሮፓ ዕውቀት ወደ ትግራይ የመጣው እንግዲህ ገና በጥዋቱ ነው፤ ነገር ግን ሊሰበስብ መጣ እንጂ ሚዛን ይዞ ከገበሬው ጋር ማሳ ላይ ሊቆም አልመጣም፤ ለዚያ ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ሃበር የተባለው ሊቅ በ1909 ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር በብርቱ ሙቀትና ግፊት አጋብቶ አሞንያ አወጣ፤ ቦሽ ደግሞ በ1913 በኦፓው ከተማ ይህንኑ በታላቅ ፋብሪካ አደረገው፤ እነሆ ነፋስ በእሳት ኃይል ወደ ከረጢት ገባ። ዛሬ ገበሬው በቀለሙ ነጩ ማዳበሪያ የሚለው ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ሲይዝ፣ ዳፕ የተባለው ደግሞ 18 እጅ ናይትሮጅንና 46 እጅ የፎስፎረስ ማዕድን ይዟል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ተቋቋመ፤ በማግሥቱ በ1967 የእርሻ ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር፣ ከረሃብ ነጻ የመውጣት ዘመቻ በሚባለው ሥር፣ በልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች በገበሬ ማሳ ላይ የማዳበሪያ ሠርቶ ማሳያ ጀመረ። በዚያው ዓመት በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተመሠረተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ለስንዴና ለገብስ ልዩ ልዩ የማዳበሪያ መጠን እየፈተነ የተሻለውን ለገበሬው በብድር ያቀርብ ነበር። የካዱ ሥራ የተሳካ ስለ ነበር፣ ወጪው ግን ከመንግሥቱ አቅም በላይ ስለ ሆነ፣ ዋና ዋናው ብቻ ተመርጦ በ1971 ሚኒመም ፓኬጅ በሚባለው መርሐ ግብር ወደ ሌሎች አውራጃዎች እንዲዛመት ተደረገ። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ስሕተት የተዘራው፤ ፓኬጁን ማሳነስ ያስፈለገው በገንዘብ ምክንያት ቢሆንም፣ ከጓዙ መካከል ተቀንሶ የቀረው ከሁሉ የሚያስፈልገው፣ በየስፍራው ደጋግሞ መፈተን የሚባለው ነበር።

አሰላና መቀሌ የሚመሳሰሉት በደጋነታቸው ብቻ ነው። በአርሲ ዝናቡ ለወራት ጠግቦ ሲዘንብ፣ በመቀሌ ዙሪያ ክረምት የሚባለው በሰኔ መጨረሻ ዘግይቶ ገብቶ በጳጉሜን ወይም በመስከረም መባቻ የሚሰናበት፣ በዓመት ቢደመር አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚሆን አጭር እንግዳ ነው። ድንጋዩም ሌላ ነው፤ ከሕንጣሎ ስሙን የወሰደው የኖራ ድንጋይ በዚህ አገር ሰፊ ምድር ላይ ተነጥፏል፤ በላዩ የተፈጠረው አፈርም ኖራ የበዛበት ስለ ሆነ ዩሪያ በላዩ ተበትኖ ሳይሸፈን ፀሐይ ካገኘው ወደ አሞንያ ተለውጦ ይተናል፤ ይኸውም ገበሬው በብድር የገዛውን ነፋስ መልሶ ለነፋስ መስጠት ነው። በረባዳው በሚገኘው ጥቁሩ ዋልካ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ በነሐሴ ውሃ ሲተኛበት አየር ያጣው አፈር ናይትሮጅኑን በሌላ መንገድ ወደ ሰማይ ያሳርገዋል። አንዱ በድርቀት፣ ሌላው በጥጋብ ያጠፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን አንዳንድ ጊዜ የአንድ ተዳፋት ያህል ብቻ ነው።

ሃንቲንግ የተባለው የእንግሊዝ አማካሪ ድርጅት የትግራይን የመሬት፣ የውሃና የእርሻ ጠባይ አጥንቶ ሰፊ ዘገባውን በ1976 አቀረበ፤ ነገር ግን አብዮቱና ጦርነቱ ቀድመውት ስለ ነበር ዘገባው ከሥራ ይልቅ ለመዛግብት ቤት ጠቀመ። በእርሻ ሚኒስቴር ሥር የነበረው የማዳበሪያና የግብዓት ክፍል ከ1988 እስከ 1991 በገበሬዎች ማሳ ላይ ብዙ ሙከራ አድርጎ፣ የእህሉ አጸፋ እንደ አፈሩና እንደ ስፍራው እጅግ እንደሚለያይ በቁጥር አሳየ፤ የሚያስቆጨው ግን የመንግሥቱ ጦር በ1989 መጀመሪያ መቀሌን ለቆ ስለ ወጣ፣ ያ ሙከራ ትግራይን ሊያካትት በማይችልበት ወራት መካሄዱ ነው። ስለዚህ ሰላም ሲወርድና ማዳበሪያ በብዛት ሊገባ ሲል፣ ለሰሜን ምድር ከራሱ ማሳ የተገኘ በቂ ቁጥር አልነበረም።

በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት፣ የስንዴ አብዮት አባት በሚባለው በኖርማን ቦርሎግ መሪነት፣ በኢትዮጵያ ሥራ ጀምሮ ለገበሬው ግማሽ ግማሽ ሄክታር የሚሆን ሠርቶ ማሳያ ያስተክል ጀመር፤ በዝናባማው አገር የታየው የበቆሎና የስንዴ ምርት ባለ ሥልጣኖችን እጅግ ደስ ስላሰኘ፣ መንግሥት በ1995 ብሔራዊውን የኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በዚሁ አምሳል አቆመ። በየቀበሌው ያለው የልማት ሠራተኛ በቃሉ ያጠናው ምክርም አንድ ሆነ፤ ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ሒሳቡን ለሚወድ አንባቢ፣ ይህ 64 ኪሎ ናይትሮጅን መሆኑ ነው፤ ለአንድ ጥማድ፣ ማለት ለሄክታር ሩብ፣ ሲሆን ከየዓይነቱ 25 ኪሎ፣ የግማሽ ኩንታሉ ከረጢት እኩሌታ።

ይህን ልክ ዛሬ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያወጡት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ማዳበሪያ በመርከብ ተጭኖ፣ በወደብ ተራግፎ፣ በጭነት መኪና መቀሌ ደርሶ፣ ከዚያም ወደ ገጠሩ መጋዘን ገብቶ፣ በብድር መዝገብ ተጽፎ የሚታደል ዕቃ ስለ ሆነ፣ አንድ ልክ ማለት ለገዢውም ለአበዳሪውም ለቆጣሪውም ምቾት ነው። ችግሩ ምቾቱ የማይደርሰው ለአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው፤ እርሱም በረቂቕ መሬት ላይ በትኖ፣ ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ተቋርጦበት፣ በጥር ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬ ነው። ማዳበሪያ አቃጠለብኝ የሚለው አነጋገሩ ለብዙ ዘመን የመሃይምነት ምልክት ተደርጎ ተቆጥሮበታል፤ ሆኖም ናይትሮጅን ቡቃያውን በሐምሌ አለምልሞ ቅጠሉን ካበዛው በኋላ ውሃው ሲያልቅ፣ ብዙ ቅጠል ያለው ሰብል ያለችውን ጥቂት እርጥበት ቀድሞ ይጨርሳልና የተናገረው ፍጹም እውነት ነበር። ዝናብ በጠገበበት ዓመትና በረጒድ ላይ ደግሞ ጤፉ ያለ ልክ ያድግና ጋሽቦ ይጋደማል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ከጥጋብ ነው።

ልኩ ብቻ ሳይሆን ጊዜውም ነበር። ዩሪያው ሁሉ ከዘሩ ጋር በአንድነት ቢጣል፣ ገና ሥር ያላበጀው ቡቃያ ሊወስደው አይችልምና የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ ሲሶውን በዘር ጊዜ ሰጥቶ የቀረውን፣ ስንዴው ከሥሩ ልጆች ማውጣት ሲጀምር፣ አረሙ ከታረመ በኋላ፣ መሬቱ ረጥቦ ሳለ መበተን የሙከራ ጣቢያዎች ሁሉ የተስማሙበት ነገር ሆነ። በመቀሌ አገር ግን ያ ሁለተኛው ጊዜ የሚውለው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መካከል ነው፤ ገበሬው ነጩን ማዳበሪያ በቁና ይዞ ማሳው ዳር ይቆምና፣ ወደ ምሥራቅ ሰማዩን አይቶ፣ በጣቱ አፈሩን ጭሮ እርጥበቱን ዳስሶ፣ ዝናቡ ይቀጥላል ብሎ ካመነ ይበትናል፤ ካላመነ ከረጢቱን አሥሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያልበተነው ለሚመጣው ዓመት ይቆያል፣ ወይም በገበያ ቀን ይሸጣል። ይህ ውሳኔ በየትኛውም የምክር ወረቀት ላይ አይገኝም፤ ከማሳ የተገኘ ቁጥር የሚባለው ግን በእውነቱ የዚህ ውሳኔ ውጤት ነው።

በትግራይ ምድር በማሳ ላይ የተሠራው ሰፊው ልኬት የመጣው ካልተጠበቀ ወገን፣ ከከረጢቱ ተቃዋሚዎች ነው። በዓድዋ አጠገብ የተወለደው የዕፀዋት ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤቱ ሱ ኤድዋርድስ ያቋቋሙት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት፣ ከክልሉ የእርሻ ቢሮ ጋር ሆኖ በ1996 በአራት መንደሮች፣ ከነዚህም በአክሱም አጠገብ በታሕታይ ማይጨውና በሐሸንጌ ሐይቅ ዳር ባሉት፣ ገበሬዎች ኮምፖስት እንዲያዘጋጁ ማስተማር ጀመረ። ከ2000 እስከ 2006 ደግሞ ኮምፖስት በተደረገበት፣ የፋብሪካ ማዳበሪያ በተደረገበትና ምንም ባልተደረገበት ማሳ የተገኘውን ምርት በ974 ማሳዎች ላይ ለካ። አለካኩም ለዓይን የሚያምር ነበር፤ እህሉ ሲደርስ ገበሬውና ባለሙያው አብረው ይገቡና፣ በአንድ ማሳ ውስጥ በሦስት ስፍራ፣ ከዳር ያልሆነ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ይከልላሉ፤ በክልሉ ውስጥ የቆመውን ሁሉ በማጭድ አጭደው፣ ለየብቻ ወቅተው፣ እህሉንም ገለባውንም ይመዝናሉ። ገለባውን መመዘናቸው ጥበብ ነው፤ ለሰሜን ገበሬ ገለባ የበሬው የበጋ ቀለብ ነውና፣ እህሉ እኩል ሆኖ ገለባው የበዛ ማሳ ለእርሱ እኩል አይደለም። ውጤቱም ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጥፍ ያህል እንደ ሰጠ፣ ከፋብሪካው ማዳበሪያ ጋርም ሲነጻጸር እንደማያንስ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጥቂት እንደሚበልጥ ነበር።

እኔ ይህን ሥራ ባከብረውም እንዳለ አልቀበለውም። ማሳዎቹ በዕጣ የተመደቡ አልነበሩም፤ ኮምፖስት የሚያዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ ትጉሁ ገበሬ ነው፤ ትጉህ ሰው ደግሞ አረሙን በጊዜው ያርማል፣ ውሃውን ይከትራል፣ ኮምፖስቱንም የሚያፈሰው ለቤቱ በቀረበው መሬት ነውና፣ ከምርቱ የትኛው እጅ የኮምፖስቱ፣ የትኛው እጅ የሰውየው እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ሌላም ነገር አለ፤ ኮምፖስት ከመቶው አንድ እጅ ገደማ ናይትሮጅን ቢይዝ፣ 64 ኪሎ ለማድረስ ከ6 ቶን በላይ ደረቅ ኮምፖስት ለአንድ ሄክታር ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ቅጠልና ፍግ ደግሞ ኩበት በሚነድበት አገር ከየት ይመጣል? ቢሆንም ኮምፖስቱ ናይትሮጅን ብቻ አይሰጥም፤ አፈሩ ውሃ እንዲይዝ ያደርጋልና በድርቅ ዓመት ጥቅሙ የበለጠ መታየቱ በዚህ ይመስለኛል። ከሁሉም የሚበልጠው ውለታው ግን ሚዛኑን ከጣቢያ አውጥቶ ወደ ገበሬው ማሳ ማስገባቱ ነው።

በ1993 በመቀሌ ሥራ የጀመረው የደረቅ ምድር እርሻ ኮሌጅ፣ በ2000 የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ አካል ከሆነ በኋላ፣ ነገሩን ከውሃው ወገን ያዘው። ከቤልጅግ ሊቃውንት ጋር በመተባበር ከ2005 ጀምሮ ከመቀሌ በስተ ደቡብ በዓዲ ጉደም አጠገብ፣ በገበሬው ዋልካ መሬት ላይ፣ የአገሩን የቀድሞ አስተራረስ፣ ተርዋሕና ድርድሮ የሚባሉትን፣ በሙከራ መደብ ፈተነ። ተርዋሕ ጤፍ ሲዘራ በማሳው ላይ አግድም የሚወጣ ትልም ነው፤ ድርድሮ ደግሞ መሬቱን መደብና ቦይ አድርጎ ውሃውን የሚይዝ፣ የተረፈውንም የሚያስወግድ ነው። ሙከራው መደቦቹን በየዓመቱ ከማፍረስ ይልቅ ጠብቆ ማቆየትና የአገዳውን ቅሪት በማሳው ላይ መተው፣ ታጥቦ የሚሄደውን ውሃና አፈር እንደሚቀንስ በልኬት አረጋገጠ። ለናይትሮጅን ይህ የጎን ነገር አይደለም፤ ታጥቦ የሚሄደው ጎርፍ ማዳበሪያውን ይዞ ነው የሚሄደው።

በ2010 ገደማ ከኔዘርላንድ የመጡ ተመራማሪዎች በትግራይ ልዩ ልዩ መንደሮች የገበሬ ቡድኖችን አቋቁመው፣ የሚሞከረውን ነገር ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ አደረጉ። ለወረቀት የማይመች፣ ለእውነት ግን የሚቀርብ ሙከራ ነበር፤ ማዳበሪያው በአንዱ መንደር ስንዴውን ከፍ ሲያደርግ በሌላው ምንም ሳይለውጥ ይቀራል፤ የልዩነቱም ብዙ እጅ የሚገኘው በስፍራው ጠባይና በገበሬው አያያዝ ላይ ነበር። በማይጨው አጠገብ በእንዳ መኾኒ፣ እንዲሁም በአማራና በሌሎች ክልሎች፣ በዚያው ዐሥርት ዓመት የተካሄደው ሌላ የማሳ ሙከራ ደግሞ አንድን ተዳፋት ከግርጌ፣ ከወገብና ከራስ ከፍሎ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ በሦስቱም ላይ አደረገና፣ ግርጌው ለከረጢቱ አብልጦ ሲመልስ ራስጌው እምብዛም እንደማይመልስ አገኘ። የዚህ ሙከራ ውጤት በታላቅ የምርምር መጽሔት ታትሟል፤ የመንደሩ የመሬት ደልዳዮች ቢያነቡት አዲስ የሚሆንባቸው ቁጥሩ ብቻ ነው።

በ2012 የኢትዮጵያ አፈር መረጃ ሥርዓት የተባለው ሥራ ተጀምሮ፣ አፈር ከየወረዳው እየተሰበሰበ ሲመረመር፣ አፈሩ ያጣው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ብቻ ሳይሆን ድኝ፣ ዚንክና ቦሮንም እንደ ሆነ ተነገረ፤ የትግራይ የአፈር ለምነት አትላስም ከክልሎቹ ሁሉ ቀድሞ በ2014 ወጣ። ዳፕ ቀርቶ ድኝ የተጨመረበት ኤንፒኤስ መጣ፤ በመቀሌ የእንደርታ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ልዩ ልዩ ንጥረ ነገር የሚቀላቅል ፋብሪካ ተተከለለት። ካርታው ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አፈር ውስጥ አነሰ የተባለው ነገር ሲጨመር እህሉ ይጨምራል ወይ የሚለው ጥያቄ በካርታ አይመለስም። በኋላ በገበሬ ማሳ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች አብዛኛውን ጭማሪ የሚያመጡት አሁንም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ መሆናቸውን፣ የሌሎቹ አጸፋ ግን በአንዱ ስፍራ ታይቶ በሌላው እንደሚጠፋ አሳዩ፤ ሊቢግንና ሎውዝን ያከራከረው ነገር በእንደርታ ሜዳ ላይ እንደገና ተነሣ ማለት ይቻላል።

በዚህ መካከል በ2018 ከአገሪቱ ተመራማሪዎች መካከል ፈቃደኞች ተሰባስበው፣ በየሰው መሳቢያና በየኮምፒውተሩ ተበትኖ የቀረውን የማዳበሪያ ሙከራ ቁጥር በአንድ ለማኖር ተስማሙ። ከዚህ በፊት አንድ ተመራማሪ ጡረታ ሲወጣ ማስታወሻ ደብተሩ አብሮት ይወጣ ነበር፤ የሚቀረው የታተመው ምክር ብቻ ነው፤ አሁን በሺህ የሚቆጠር የማሳ ውጤት ተሰብስቦ፣ ከዝናቡ፣ ከተዳፋቱና ከአፈሩ ጋር እየተዛመደ ለየስፍራው የሚስማማ ልክ ይፈለግበት ጀመር።

ትግራይ ግን ከዚህ መንገድ ላይ ወደቀች። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በቆየው ጦርነት ብዙ ገበሬ በሬውንም ዘሩንም አጣ፤ የምርምር ጣቢያዎች ከዘረፋና ከጥፋት አልዳኑም፤ መንገዱ ሲዘጋም ማዳበሪያው በበቂ ሳይገባ የዘር ወቅት አለፈ። በ2014 የወጣው አትላስ የሚናገረው ከዚያ በፊት ስለ ነበረው አፈር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳይተካለት ስንት ጊዜ እንደ ታረሰ፣ ስንት ጊዜስ ጦም እንዳደረ የሚለካው ገና ነው።

በዚያው በ2022 የዩሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ለገበሬው የሚያዋጣው የናይትሮጅን ልክ ዝቅ ይላል፤ የመጨረሻዎቹ ዐሥር ኪሎዎች የሚያመጡት እህል የራሳቸውን ዋጋ መሸፈን ያቅታቸዋልና። የቀድሞዎቹ ምክሮች ሁሉ የተሠሉት ዛሬ በሌለ የከረጢት ዋጋና በሌለ የጤፍ ዋጋ ነው። በየመደቡ ምን ያህል ኪሎ ተበትኖ ምን ያህል ኪሎ እንደ ታጨደ የተጻፈበት ደብተር በእጁ ያለ ሰው፣ የዓመቱን ዋጋ ይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ልክ ሊያወጣ ይችላል፤ ምክሩን ብቻ ይዞ ደብተሩን ያጣ ግን፣ ያው 100 ኪሎና 100 ኪሎ ከማለት በቀር ሌላ የሚለው ነገር የለውም።